ለቅሶ በስልክ

በኮሮና ጊዜ እዚህ ሚዛን አጠገብ፣ አማን ውስጥ የሰፈራችን እድር ጸሐፊ ነበርኩ። ድንኳን መትከል ሲከለከል ሽማግሌዎቹ ግራ ገባቸው። እኔ ግን መላው በኪሴ ነበር፤ የቴሌግራም ግሩፕ ከፈትኩና ከእንግዲህ ለቅሶ በስልክ ይደረሳል አልኩ። ስልክ በደወልን ቁጥር ሁለት የአዋቂ እርምጃ ተራራቁ የሚለው ምክር ይቀድመን ስለነበር ማንም አልተከራከረኝም። ቢከራከረኝም አልሰማም ነበር።

ብዙም ሳይቆይ አጥር የምንጋራቸው እማማ ባላቸው ሞቱባቸው። ቀብሩ በጥቂት ሰው አለቀ። መልእክቱ ግን ከሚዛን፣ ከቴፒ፣ ከማጂ ሳይቀር ጎረፈ። እማማን ልጃቸው በላከላቸው ስልክ ግሩፑ ውስጥ አስገብቻቸው ስለነበር፣ በሥራዬ ኮርቼ ተኛሁ።

በሦስተኛው ቀን በአጥሩ በኩል ሰላም ብላቸው ፊታቸውን አዞሩብኝ።

«የሰው ለቅሶ ቀርቼ አላውቅም» አሉ። «ለእኔ ባል ማን መጣ? እስቲ አንድ ሰው ጥራልኝ።»

ያ ሁሉ ማጽናኛ ስልክዎ ላይ አለ አልኳቸው። ማንበብ መቼ አውቄ አሉኝ። በየስብሰባው ጣታቸውን ቀለም አስነክቼ መዝገቡ ላይ የማስፈርማቸው እኔው ነኝ። አፈርኩ፤ መሬት ብትውጠኝ በወደድኩ።

ማፈር ግን መላ አያሳጣኝም። ወዲያው ጽሑፍ ይቅር፣ ሁሉም በድምፁ አልቅሶ ይላክ ብዬ ግሩፑ ላይ አዘዝኩ። ከሰዓት በኋላ ስልኬን ድምፁን ከፍ አድርጌ አጥሩ ላይ አኖርኩና ሁለት እርምጃ ወደ ኋላ አልኩ። አንዱ በአማርኛ፣ ሌላው በቤንችኛ አለቀሰ። እማማ እያንዳንዱን በድምፁ እየለዩ፣ ፊት ለፊታቸው የቆመ ይመስል መለሱለት። አንዱን እንዲያውም ጉንፋን ይዞታል እንዴ ብለው ጠየቁኝ። ሰው መጣላቸው። እኔም ደረቴ እንደገና ተነፋ።

ሲያልቅ ነጠላቸውን አስተካክለው ቀና አሉ።

«ያንተንስ መቼ ነው የምሰማው?»

ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት ይባላል። እኔ ለካ ሰውን ሁሉ ለቅሶ ሳደርስ ራሴ አልደረስኩም። ያንን አጥር ከባላቸው ከጋሼ ጋር ነበር ያጠርነው፤ እሳቸው እንጨቱን ሲይዙልኝ እኔ ስመታ። ስልኩን አነሳሁና ኪሴ ከተትኩት። ከዚያ ሁለት የአዋቂ እርምጃ ርቄ እንደቆምኩ፣ ጋሼን፣ ጋሼን እያልኩ አለቀስኩ።