ለፊኛው አንሰግድም ያልን ቀን

ይህ የሆነው ባለፈው ሰመር ነው። ከአእምሮዬ ያልወጣው፣ በሕይወቴ ፊት ለፊት «እምቢ» ያልኩባቸው ቀኖች ጥቂት ስለሆኑ ይመስለኛል።

የምኖረው በሰው አገር፣ አርችዌይ የሚባል ሰፈር ነው፤ የምሠራው አረጋውያን መጦሪያ ውስጥ። በእረፍት ቀኔ ፊልም ላይ ከሕዝቡ መሀል የሚታይ አጃቢ ለመሆን አፕላይ ያደረግኩት ጎረቤቴ ጋሽ ታደሰ ስለገፋፉኝ ነው። ጋሽ ታደሰ ሰባ ዓመት አልፏቸዋል። በወጣትነታቸው መድፈኛ ወታደር ነበሩ።

ጠዋት ኪልበርን ላይ አውቶቡስ ጭኖን ከከተማው ዳር ወዳለ ሜዳ ወሰደን። አርባ የምንሆን ሐበሾች ነበርን። የአገሬውን ሰው እንድንሆን ነጭ ልብስ አለበሱን። ፊልሙ በአፄ ዮሐንስ ዘመን ምፅዋ አካባቢ ስለሰፈረው የጣሊያን ጦር ነው። ሜዳው መሀል በገመድ የታሰረ ትልቅ ፊኛ ቆሟል፤ ከሥሩ በተንጠለጠለው ቅርጫት ውስጥ አቅራቢ መነጽር የያዘ መኮንን አለ። ጋሽ ታደሰ ደስ ብሏቸው አስረዱኝ። መኮንኑ ከላይ ሆኖ የጠላትን ብዛትና ቦታ ያያል፣ ለመድፈኞቹም ይነግራል አሉኝ።

ከዚያ ረዳት ዳይሬክተሯ መጣች። ፊኛው ሲነሳ እንድንጮህ፣ ተንበርክከን ግንባራችንን መሬት እንድናስነካ ነገረችን። ፊኛው አምላክ መስሏችኋል አለችን።

ለልምምድ ፊኛው ሲነሳ እኔም ተንበረከክኩ። ሣሩ እርጥብ ነበር። ቀና ስል ጋሽ ታደሰ ቆመዋል።

ረዳቷ ጉልበታቸውን ያመማቸው መስሏት መቀመጥ እንደሚችሉ በትህትና ነገረቻቸው።

«ጉልበቴ ደህና ነው» አሏት ረጋ ብለው። «ጠላት ከላይ ሲቃኝህ ትደበቃለህ እንጂ አትሰግድለትም።»

ረዳቷም የፊልሙ ጽሑፍ የሚለው እንደዚያ ነው፣ ያልፈለገ አውቶቡስ ውስጥ ይጠብቅ፣ ክፍያ ግን የለውም አለች። ወደ እኔ ዞራም ለአባቴ እንዳስረዳቸው ጠየቀችኝ።

አባቴ አይደሉም ማለት እችል ነበር። አላልኩም። ጉልበቴን አራግፌ ተነሳሁ።

«ገብቷቸዋል» አልኳት። «እኔም አልሰግድም።»

ሁለታችን ወደ አውቶቡሱ ሄድን። በሩ ጋ ደርሼ ስዞር ስድስት ሰዎች ተከትለውናል። አንዳቸውንም አላውቃቸውም። የቀሩት ሦስት ጊዜ ሲሰግዱ በመስኮት አየናቸው። አልፈርድባቸውም፤ ሁሉም የየራሱ ችግር አለበት። ጋሽ ታደሰ ሳንድዊቻቸውን አውጥተው ለስምንታችን ቆራረሱት።

ለፊልሙ የቀጠረን ኤጀንሲ ከዚያ ወዲህ ደውሎልኝ አያውቅም። ፊልሙ ሲወጣ ሲኒማ ገብቼ አየሁት። ስግደቱ ላይ ሲደርስ ተመልካቹ ሳቀ። እኔ ደግሞ በልምምዱ ጊዜ ያቺን አንዴ መንበርከኬ ቆጨኝ። አሁንም ይቆጨኛል።

በቅርቡ ሌላ ኤጀንሲ ደወለልኝ። ቀኑንና ሰዓቱን ከመጠየቄ በፊት፣ ፊልሙ ላይ ምን ሁኚ እንደምባል ጠየቅኩት። ሰውየው ለአጃቢነት የሚመጣ ሰው ይህን ጠይቆ አያውቅም አለኝ።

እኔ እጠይቃለሁ አልኩት።