የበረዶው ሐኪም ተዝካር

«ተዝካር ነው ብያለሁ፣ ተዝካር ነው» አሉ የኔታ። «ዳይሬክተሩ ራሱ ደብዳቤውን ሲያነብ ምን አለ? ‹ለመታሰቢያቸው› አለ። መታሰቢያ በግዕዝ ምንድን ነው?»

«ተዝካር» አለች እህቴ፣ ሳትወድ።

«አየሽ። የሰው ተዝካር የበላ ደግሞ ሟቹን በክርስትና ስሙ ጠርቶ ‹ነፍሱን ይማር› ማለት አለበት። የዚህን ሰው የክርስትና ስም ታውቂያለሽ? ሳታውቂ ነው አራት ዓመት ተቀምጠሽ የምትበይው?»

«እኔ ልበላ አይደለም የምሄደው የኔታ። ልማር ነው።»

«ጎንደር ሳይበላ ይማራል?»

በሌላ ቀን ቢሆን ሦስታችንም እንስቅ ነበር።

የኔታ የእናታችን ወንድም ናቸው። ወላጆቻችን ሲሞቱ ደባርቅ አምጥተው ያሳደጉን እሳቸው ሲሆኑ፣ እኛም እንደ ተማሪዎቻቸው የኔታ እንላቸው ነበር። በክረምት ደግሞ የሰፈሩ በረዶ መላሽ ናቸው። ደመናው ከሊማሊሞ ገደል ሽቅብ ሲነሣ መቋሚያቸውን ይዘው ከገብሱ ማሳ በላይ ካለው ጉብታ ይወጡና ይጸልያሉ። በረዶው ካለፈ ገበሬው በመኸር ገብስ ይሰፍርላቸዋል። ካላለፈም የገበሬው ኃጢአት በዝቷል ማለት ነው።

ተዝካሩ የሚያከራክራቸው ሰው የአዲስ አበባ ሰው ነበር። ውጭ አገር ተምሮ የተመለሰ፣ ወጀብና መብረቅ በረዶም የሚያጠና ሳይንቲስት። ሁለት ክረምት እኛ ዘንድ ስለ ከረመ ደባርቅ «የበረዶው ሐኪም» የሚል ስም አወጣችለት። ሰው ሁሉ ከበረዶ ሲሸሽ እሱ ባርኔጣውን ደፍቶ ወደ በረዶው ይሮጣል። ትልቁን መርጦ ያነሣና በቢላዋ ለሁለት ከፍሎ፣ እንደ ሽንኩርት የተደራረበውን ያያል። «በረዶ አንዴ ወድቆ አይቀርም» ብሎኝ ነበር። «ደመናው ውስጥ ሲወጣ ሲወርድ ነው የሚያድገው። የምታየው የመጨረሻ ውድቀቱን ነው።» ይህን ሰምቼ ብዙ ቀን ሌላ ነገር ማሰብ አቃተኝ።

ኋላ አዲስ አበባ ውስጥ ታሞ ሞተ። ሚስቱና ጓደኞቹ ገንዘብ አዋጥተው፣ እሱ ከሠራበት አገር ስምንተኛ ክፍል የጨረሰ አንድ ልጅ በስሙ ጎንደር ሄዶ አራት ዓመት እንዲማር ወሰኑ። ከደባርቅና ከዳባት ልጆች ሁሉ የተመረጠችው እህቴ ናት። ደብዳቤውን ይዞ መጥቶ ይህንን የነገረን የትምህርት ቤት ዳይሬክተር ከሰዓት በኋላ በሚነሣው መኪና ወደ ዳባት ይመለሳል። ከዚያ በፊት የአሳዳጊዋን ቃል ይፈልጋል። ቃሉ ካልደረሰው ዕድሉ ለሌላ ልጅ ይሄዳል።

እኔ ያን ጊዜ ቅኔ ቤቱን በመንፈቁ ጥዬ የወጣሁ ሰው ነኝ። ፊደል ያለበትን ሁሉ አነባለሁ፤ ስኳር የተጠቀለለበትን ወረቀት፣ ሱቅ ግድግዳ ላይ የተለጠፈውን አሮጌ ጋዜጣ። ግጥም እጽፋለሁ። የሚሰማኝ ግን ከእህቴ በቀር አንድ ሰው አልነበረም። ምስር እየለቀመች ታዳምጠኛለች። ስንኙ ሲያነክስ ጣቷ ምስሩ ላይ ቀጥ ይላል። እኔም ሄጄ አስተካክለዋለሁ።

የኔታ ወደ እኔ ዞሩ። «አንተስ ምን ትላለህ? ቅኔው ቢጠፋህ አማርኛው አይጠፋህም መቼም።»

አንድ ከሰዓት በኋላ ትዝ አለኝ። የኔታና የበረዶው ሐኪም ጉብታው ላይ ጎን ለጎን ቆመው፣ እኔ የየኔታን ጃንጥላ ይዤ፣ ሰማዩ ጠቁሮ። የኔታ «የክርስትና ስምህን ንገረኝ፣ ከገበሬዎቹ ጋር ላንሣህ» አሉት። በኛ አገር ሰው የክርስትና ስሙን ከደብተራ ይደብቃል፤ ይደገምበታል ብሎ ይፈራል። ሰውየው ግን መነጽሩን ጠርጎ፣ ነጎድጓዱ ስላስቸገረ ጮክ ብሎ ተናገረ። የኔታም በጸሎታቸው መሃል ጠሩት። በረዶው ያን ቀን በዳባት በኩል ዞረ። የኔታ ጸሎቱ ነው አሉ፣ እሱ ነፋሱ ነው አለ። ሁለቱም ደስ ብሏቸው ወረዱ።

እንግዲህ የኔታ ስሙን ያውቁታል። ቀና ብዬ አየኋቸው። እሳቸው የሚያዩት ግድግዳው ሥር የተቀመጠውን የእህቴን ጫማ ነበር። ያን ጊዜ ገባኝ። የፈሩት ተዝካሩን አልነበረም። እኔና እሳቸው ብቻ የምንቀርበትን ቤት ነበር። እኔም የምፈራው እሱኑ ነው። ዝም ብል ትቀራለች፤ ጠዋት የጨረስኩትንም ወደፊት የምጽፈውንም ግጥም ምስሯን ይዛ ትሰማልኛለች።

«የኔታ፣ ስሙን ያውቁታል» አልኩና ጠራሁት። እዚህ አልጽፈውም፤ የጸሎት ስም ነው።

የኔታ መቋሚያቸውን ላይ ታች ዳሰሱ። «ቅኔ አልይዝ ያለ ልብ ስም ይይዛል ለካ» አሉ። ከዚያ ወደ እሷ ዞረው፣ «ሰማሽ? እህል በቀረበ ቁጥር ትጠሪዋለሽ።»

«እጠራዋለሁ።»

«ቆሎም ቢሆን።»

«ቆሎም ቢሆን የኔታ።»

«እንግዲያው ምን ትጠብቂያለሽ? መኪናው ሳይነሣ ድረሺና ፈቅደዋል በዪው።»

ጉልበታቸውን ሳመች። ነጠላዋን አጣፍታ ጫማዋን አጠለቀች። ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል፤ እንዳይጠፋት ስሙን እየደጋገመች ነው።

«ጠዋት አንድ ግጥም ጨርሼ ነበር» አልኳት።

«እ?»

«ምንም። ሂጂ።»

ወጣች። በሩ ከኋላዋ ተዘጋ።