በባዶ ሆድ የመጡት ደም ሰጪዎች

ታናሽ እህቴ የመጀመሪያ ልጇን ካርቱም ውስጥ ተገላገለችና ደሟ አልቆም አለ። ሐኪሙ ቶሎ ደም ካላገኘች አትተርፍም አለኝ። ክንዴን ገልጬ ወደ ላቦራቶሪው ሮጥኩ።

እዚያ የምትሠራው ልጅ እናቷ ሐበሻ፣ አባቷ ሱዳናዊ ናቸው። አማርኛዋ እንደ ነገሩ ነው። ጣቴን ወግታ አየችና ራሷን ነቀነቀች፤ የእኔ ቢ፣ የእህቴ ኦ ሆኖ ተገኘ።

«የአንድ እናት ልጆች ነን እኮ» ብዬ ጮህኩባት።

«እህት ብትሆኚም» አለች ረጋ ብላ። «ደሟ ውስጥ ዘበኛ አለ። ያንቺን ደም አያውቅም፣ ይመታል። ከዚያ እሷ ትሞታለች። ኦ አምጪ፣ ያላ፣ ቶሎ።»

ረክሻ የሚሉትን ባጃጅ ይዤ ወደ ዴም ሰፈር በረርኩ። እዚያ ከሐበሻ ሻይ ቤቱ ፊት የቀን ሥራ የሚጠብቁ ልጆች አሉ፤ ትንሽ ሠርተው ወደ ሊቢያ ሊሄዱ ያሰቡ። በሄድኩ ቁጥር «ሰሃራ ይብላን ብላችሁ ነው የምትለፉት?» እያልኩ የምጨቀጭቃቸው ናቸው። የዚያን ቀን ነገሬን ሳልጨርስ ብድግ አሉ። የቀን ሥራቸውን ትተው ተከተሉኝ።

ላቦራቶሪ ስንደርስ የአንዳንዱ ደም ሌላ ዓይነት ሆነ፤ አንዱ መተማ ላይ ወባ ይዞት ስለነበር ተመለሰ። ሦስቱ አለፉ። እፎይ ልል ስል ልጅቷ «ምን በላችሁ?» አለቻቸው። «ምንም» አሉ።

ፍልሰታ ነበር። ከትናንት ጀምሮ ውሃ እንኳን አልቀመሱም። «ጠበል የሚጠጣው በባዶ ሆድ ነው» አለኝ አንደኛው። «ታዲያ ነፍስ የሚያድን ደም በልተን እንዴት እንሰጣለን?»

«ሐላስ፣ በቃ» አለች ልጅቷ። «ያልበላ ሰው ይወድቅብኛል። አልወስድም።»

ከበር ላይ ፉልና ዳቦ ገዝቼ መጣሁ። ፉሉ በዘይት ነው፣ የጾም ነው፤ ችግሩ ሰዓቱ ብቻ ነው። ዳቦውን አፍጥጠው እያዩ እጃቸውን ሳይዘረጉ ሲቀሩ ደሜ ፈላ። «እናንተ ስትጸድቁ እህቴ ትሙት?» አልኩ።

አገሩ ሳለ ዲያቆን የነበረው ልጅ ዳቦውን ባረከና ቆረሰ። «ከንስሐ አባቴ ጋር እኔ እነጋገራለሁ፤ ብሉ» ብሎ መጀመሪያ እሱ ጎረሰ። ውሃም ጠጡ። ከዚያ ተራ በተራ አልጋው ላይ ወጥተው ክንዳቸውን ሰጡ።

ከሰዓት በኋላ የእህቴ ከንፈር ቀለም ያዘ። ያንን ሳይ የልጆቹን ግንባር እየዞርኩ ሳምኩ። እግዜር ይስጣቸው፣ ከዚህ ሌላ ምን እላለሁ። ብዙም ሳይቆይ የሊቢያ መንገዳቸውን ቀጠሉ።

ሕፃኑ ዘጠኝ ወር ሞልቶት የኩፍኝ ክትባቱ ሲደርስ ሦስታችን እዚያው ሐኪም ቤት ሄድን። የላቦራቶሪዋ ልጅ ሮጣ መጥታ አቀፈችን። ሕፃኑ ሲወጋ ፊቴን ሳዞር አይታ «ይሄ ለዘበኛው ጠላቱን ማሳየት ነው፤ ሲመጣ ያውቀዋል» ብላ አጽናናችኝ።

እህቴ ቀስ ብላ «የልጆቹ ደም እስካሁን ውስጤ አለ?» አለቻት።

«የለም። ቀዩ ቢበዛ አራት ወር ነው የሚኖረው፣ ከዚያ ይሞታል። አሁን ያለው ያንቺ ነው፣ ራስሽ የሠራሽው።»

እህቴ ዕንባዋ መጣ። የት እንደደረሱ አናውቅም፤ አንዳቸውም አልደወሉም። «እንግዲያ ከእነሱ ምንም አልቀረማ» አለች።

እኔ ለቅሶ አልወድም። «ሞኝ፣ አንቺ ቀርተሽ የለም እንዴ?» አልኳት፤ ብዬም አልጨረስኩ፣ እኔው ከእሷ ብሼ አለቀስኩ።