ቱርቦ የመረጥን ለት

ባለፈው ሰሞን የልጅ ልጄ ስልኩን አፍንጫዬ ሥር ደቅኖ፣ «አባባ፣ ከነዚህ ከሁለቱ ቱርቦዎች ለመኪናዬ የትኛው ይሻላል?» አለኝ። ከጓደኞቹ ጋር ዳገት ላይ ሊሽቀዳደም ነው አሉ። ልቡ ትልቁ ላይ እንዳረፈ ዓይኑ ያስታውቃል። «ትንሹን ግዛ!» ብዬ ጮህኩበት። ልጁ ደንግጦ ስልኩን ኪሱ ከተተ። የጮህኩት እሱ ላይ እንዳልሆነ በምን ይወቅ? ደምሴ ላይ ነው የጮህኩት።

ደምሴ ወንድሜ ነው። በአባት እንገናኛለን፣ በእናት አንገናኝም፣ በልብማ ተገናኝተን አናውቅም። በጃንሆይ ጊዜ አባታችን ሁለት የጭነት ማኪኖች ነበሩት፤ በዓይነትም በዕድሜም አንድ ናቸው። ከጎንደር ደባርቅ፣ ከደባርቅ ሊማሊሞን ወርደን ዛሪማ፣ ከዚያ ደግሞ ያንኑ ገደል ሽቅብ። ሊማሊሞን ያላየ ሰው መንገድ ጠመዘዘኝ ብሎ አያውራ። አንዱን ጠምዛዛ ጨረስኩ ስትል ሌላው ከራስህ በላይ ተንጠልጥሎ ይጠብቅሃል። ከፍ ባልክ ቁጥር አየሩ ይሳሳል፤ ማኪናው እንደ አስም በሽተኛ ጥቁር ጭስ እየተፋ ያለከልካል።

አባታችን ለዚህ ብሎ ነው ከአሥመራ ሁለት ቱርቦ ያስመጣው። ቱርቦ ማለት የቀንድ አውጣ ቅርፊት የመሰለ ብረት ነው፤ የሞተሩ ጭስ ያሽከረክረዋል፣ እሱ ደግሞ ለሞተሩ አየር ይነፋለታል። አንዱ ትልቅ፣ አንዱ ትንሽ ነበር። ምስኪን፣ ሳያስገጥማቸው ሞተ።

ሬሳው ሳይቀዘቅዝ ጥላችን ጦፈ። ደምሴ የእኔን ደንበኛ ይወስዳል፣ እኔ የእሱን እወስዳለሁ። ሰው በተሰበሰበበት «አንተ የደባርቋ ልጅ!» ይለኛል፤ እናቴን ሲነካብኝ ደሜ ይፈላል። አንድ ቅዳሜ ገበያ መሀል አንገት ለአንገት ተያያዝን። በመጨረሻ ከሾፌሮቹ ሁሉ አንጋፋ የሆኑት አያ ውብነህ አስቀመጡን።

«ሊማሊሞ ለሁለታችን አይበቃም» አለ ደምሴ። «ቱርቦውን እንካፈልና ከዛሪማ ሽቅብ እስከ ደባርቅ እንሽቀዳደም። የተቀደመ ሊማሊሞን ለቆ ወደ መተማ ይውረድ።»

እኔ እምቢ ማለት ነበረብኝ። እናቴ ደባርቅ ብቻዋን ትኖር ነበር፤ ዓይኗ እየደከመ ሄዷል። በተመላለስኩ ቁጥር እንጨት አወርድላታለሁ፣ ውሃ አስቀዳላታለሁ፤ እሷም በዚያ አጥንት በሚሰብር ብርድ በሶዋን በቅቤ አሽታ ታጎርሰኛለች። ከመንገዱ ከተባረርኩ ማን ይደርስላታል? ግን ሰው ፊት «ፈራ» መባልን ማን ይችላል? በአባታችን አጥንት ማልን።

ድርሻ በእኛ አገር ታላቅ ይከፍላል፣ ታናሽ ይመርጣል። ደምሴ ከፋፍሎ ጠራኝ። ትንሹን በላምባ አጥቦ፣ በጨርቅ ወልውሎ፣ እንደ ሙሽራ ፊት ለፊት ጉብ አድርጎታል። ትልቁን ጭቃና ዘይት እንደለበሰ ጥግ ላይ ጆንያ ውስጥ ወትፎታል። ሳቄን እንዴት ዋጥኩት! እኔ እኮ መጀመሪያም የምፈልገው ትንሹን ነበር። ትልቁ ነቅቶ መንፋት የሚጀምረው ሞተሩ በደንብ ሲሮጥ ነው፤ ሜዳ ላይ ወደር የለውም። ሊማሊሞ ግን በየጠምዛዛው ወደ አንደኛ ማርሽ ያወርድሃል፤ ትልቁ እስኪነቃ ሌላ ጠምዛዛ ይመጣል።

«ይቺን» አልኩ ትንሹን እያሳየሁ።

ደምሴ ሆዱን ይዞ ሳቀ። «ትንሽ ሰው ትንሽ ይመርጣል! ውረድ መተማ፣ ወባ ይጠብቅሃል!»

«ዓይንህን ዳገቱ ላይ አየዋለሁ» አልኩት።

የመስከረም ዝናብ አባርቶ መንገዱ ሲጠነክር፣ ቱርቦዎቹን አስገጥመን፣ ባዶ ማኪና ይዘን፣ ረዳት ላንጭን ተስማምተን ከዛሪማ ተነሣን። ታችኛው መንገድ ቀና ስለሆነ ደምሴ ቀደመኝ። ዳገቱ ሲጀምር ግን ደረስኩበት። በየጠምዛዛው የእሱ ማኪና ይሞታል፣ የእኔ ቶሎ ነፍስ ይዘራል። ማለፊያ እንዳላገኝ መሀል መንገዱን ይዞ ይዘጋብኛል፤ ጥሩምባ ብነፋ እጁን በመስኮት አውጥቶ ይሰድበኛል። እኔም ያላወረድኩበት እርግማን የለም።

ከላይኞቹ ጠምዛዞች አንዱ ላይ የደምሴ ሞተር ጭራሽ ጠፋበት። ፍሬኑም አልያዘለትም፤ ማኪናው ወደ ገደሉ አፍ የኋሊት መንሸራተት ጀመረ። በግራው በኩል ማለፊያ ወለል ብሎ ተከፈተልኝ። እሰይ! ነካ ባደርገው አልፌ ደባርቅ እናቴ ደጅ ነኝ። ግን የሊማሊሞ ሾፌር ሕግ አንድ ነው፦ የሚንሸራተት ማኪና ያየ፣ ጠላቱም ይሁን ገዳዩ፣ ወርዶ ታኮ ያደርግለታል። ቆሜ ዘለልኩ። ከመንገዱ ዳር ድንጋይ ፈንቅዬ የኋላ ጎማው ሥር ወሸቅኩ። ማኪናው ድንጋዩን ገጭ አድርጎ ቆመ።

ደምሴ በመስታወቱ አየኝ። ሞተሩን አስነሣ። አመሰግናለሁ የሚለኝ መስሎኝ በሩን ስጠብቅ፣ ማርሽ አስገብቶ ጥቁር ጭሱን ፊቴ ላይ ተፍቶ ሄደ! ወይ ነዶ! ወደ ማኪናዬ ሮጬ፣ ተነሥቼ ተከተልኩት፤ እስከ ላይ ግን ማለፊያ አልሰጠኝም።

ደባርቅ መግቢያ ላይ አያ ውብነህ ቆመዋል። የሆነውን ነገርኳቸው።

«እውነት ነው?» አሉት።

«ማን ውረድ አለው?» አለ ደምሴ፣ ዓይኑን ሳያሽ።

አያ ውብነህ አንገታቸውን ደፉ። «ምነው ደምሴ! ምነው!» አሉ። ግን መሐላው ቀድሞ የገባ ቀድሟል የሚል ነበርና መፍረድ አልሆነላቸውም። እኔም በአባቴ አጥንት ምዬ አላፈርስም።

በአይከል አድርጌ ቆላ ወረድኩ። የመተማ ሙቀት፣ አቧራና ወባ ተፈራረቁብኝ። በመሐላው ማኪናዬን ይዤ ስለማልሄድ፣ እናቴን ለማየት ስል የሰው ማኪና ለምኜ በዓመት አንዴ ብመጣ ነው። አንድ ክረምት ጭቃው መንገዱን ዘግቶት ሳለ መሞቷን ሰማሁ። ስደርስ አርባዋ ወጥቷል። ጎረቤቶቿን ማን ቀበራት ብል፣ «ደምሴ ነዋ!» አሉኝ። ሰው ከጎንደር ጭኖ አምጥቶ፣ ቃሬዛውን ከፊት ተሸክሞ፣ እንደ ወለደችው ልጅ እያለቀሰ ቀብሯት ሄዷል። አንጀቴ እርር አለ። ሰውየው ጥላቻዬን እንኳ ንጹሕ አድርጎ አልተወልኝም!

ደምሴ ዛሬም አለ። እኔም በስተርጅና ጎንደር ተመልሼ ገብቻለሁና ቤተ ክርስቲያን እንተያያለን፣ ሰላም አንባባልም። ልጆቹ መታመሙን ሰሞኑን ላኩብኝ፤ ታረቁ ይላሉ። አልታረቅም። ያንን ታኮ ዛሬም ቢሆን አደርግለታለሁ፣ ሕግ ነው። ቀብርም ብድር ነው፤ የሞተ ለት ቃሬዛውን ከፊት የምሸከም እኔ ነኝ። እንባ ግን ከእኔ አይጠብቅ፤ እናቴ ላይ የእኔን ድርሻ አልቅሶብኛል።