የኦሪየላ የመስከረም ፈተና

ኦሪየላ ቶሳቶ በአሥራ አንድ ዓመቷ ሳንባዋን ታመመችና ከፌልትሬ ከተማ በላይ ተራራው ላይ ወዳለው የሕሙማን ማረፊያ ተወሰደች። ሕክምናው መተኛት ብቻ ነበር። ልጆቹ በብርድ ልብስ ተጠቅልለው ሰፊው በረንዳ ላይ ይደረደራሉ፤ ማውራት ክልክል፣ መሳቅም ክልክል። አንድ ጠዋት አጠገቧ የነበረው አልጋ ባዶ ሆኖ ተገኘ። መነኩሲቷ አንሶላውን ስትገፍፍ ከልጆቹ አንድም የጠየቀ አልነበረም።

ኦሪየላ ግን ዳነች። ዓመት ሙሉ ሌላ ሥራ ስላልነበራት መነኩሲቶቹ የሚያነበንቡትን የላቲን ጸሎት ሁሉ በቃሏ ያዘች። ትርጉሙን አታውቀውም፤ ነገር ግን አንዲት ቃል አታመልጣትም።

ወደ ከተማዋ ስትመለስ እኩዮቿ ላቲን ከጀመሩ ዓመት ሆኗቸው ነበር። ትምህርት ቤቱ አዘነላትና ከእነሱ ጋር አስቀመጣት። መሠረቱ ስላመለጣት በለመደችው መንገድ ሄደች፤ ተማሪዎች በድብቅ የሚቀባበሏትን የትርጉም መጽሐፍ እየፈለገች ገጽ በገጽ መሸምደድ ሆነ ሥራዋ። ዘዴው እስከ አሥራ አምስት ዓመቷ አዘለቃት። በዚያ ዓመት የመጡት ፕሮፌሰር ማራንጎን ግን ማንም አይቶት የማያውቅ ጽሑፍ እየሰጡ መፈተን የሚወዱ ሰው ነበሩ። በሰኔ ውጤቱ ግድግዳ ላይ ሲለጠፍ በሌላው ሁሉ አልፋለች፤ ላቲን ላይ ግን «መስከረም» ተብሎ ተጽፏል። ክረምቱን አጥንታ እንደገና ልትፈተን ነው። ያኔ ከወደቀች ትምህርቷ አበቃ።

አባቷ ስዊዘርላንድ ዋሻ ሲቆፍር ይከርማል። እናቷ አማቢሌ ቢራ ፋብሪካ ጠርሙስ ታጥባለች። አክስቷ ጂዜላ ሚላን በቤት ሠራተኝነት የቆየች ናት፤ የአገሩ ልጃገረድ ሁሉ የሚሄደው ወደዚያው ነበር።

«የምትሠሪበት ቤት አግኝቼልሻለሁ» አለች ጂዜላ ለዕረፍት በመጣች ጊዜ። «ደግ ሰዎች ናቸው። እስከ መስከረም አጋማሽ ይጠብቁሻል።»

«ካለፍኩስ?»

«ካለፍሽማ ተማሪ። ግን የኔ ልጅ፣ ላቲን ለቄስ ነው። ልትቀድሺ ነው እንዴ?»

አማቢሌ ፖሌንታውን፣ የበቆሎ ገንፎውን፣ እያማሰለች ሳትዞር መለሰች፤ «ብትቀድስም ይሻለናል። ከእኛ ቄስ ይልቅ ቅዳሴውን ታሳጥርልን ነበር።»

ጂዜላ ስትወጣ ግን እናት ማማሰያውን አስቀመጠችና «ስሚኝ ኦሪየላ» አለች። «ከወደቅሽ ማንንም አልለምንልሽም። ትሄጃለሽ።»

ኦሪየላ በዚያ ክረምት ለፈተና የታዘዘውን መጽሐፍ ትርጉም ከዳር እስከ ዳር ሸመደደች።

በፈተናው ቀን ኮሪደሩ ላይ ከቤፒ ጋር ተቀመጡ። ቤፒ የዳቦ ቤቱ ልጅ ነው።

«በአንድ ትምህርት ነው እንዲህ የምትንቀጠቀጪው?» አላት። «እኔን አታዪም? ሦስት ተሸክሜ ቁርሴን ጥርግ አድርጌ በልቼ መጣሁ።»

«አንተማ ብትወድቅም ዳቦ ቤት አለህ።»

«ምኑን አለኝ! አባቴ ከወደቅኩ ከሊጡ ጋር ነው የሚያቦካኝ።»

ስሟ ተጠራ። ከጠረጴዛው ጀርባ ሦስት መምህራን ተቀምጠዋል። ማራንጎን መጽሐፉን ገልጠው ጣታቸውን ግርጌው ላይ አሳረፉ። «እስከዚህ ተርጉሚልን።»

የምታውቀው ክፍል ነበር፤ በክረምት ስለሰፈረ ጦር ይናገራል። ዐይኗን ገጹ ላይ ተክላ እንደ ውሃ አወረደችው። የሚያስቆማት ሲጠፋ ይበልጥ ልቧ ሞላና ቀጠለች። በመጨረሻ ማራንጎን በዝግታ እንዲህ አሉ፤

«ኦሪየላ፣ ገጹን መቼ ገለበጥሽው?»

ወደ መጽሐፉ ተመለከተች። አልገለበጠችውም። የገጹን ግርጌ አልፋ የተረጎመችው ሁሉ ገና ከጀርባው ያለውን ነበር። አንደኛው መምህር ሳቁን በመሐረብ ሸፈነ። ሌላዋ መምህር ወይዘሮ ሪጎኒ ውጤቱን ሊጽፉ ብዕራቸውን አነሱ።

«በቃልሽ ነው?» አሉ ማራንጎን።

«በቃሌ ነው ፕሮፌሰር። ትርጉሙን ነው የማውቀው። ላቲኑን አላውቀውም።»

«እንግዲህ ጨርሰናል» አሉ ሪጎኒ።

«ቆይ እንጂ እሜቴ፣ ገና መጀመራችን ነው» አሉ ማራንጎን፤ ሌላ መጽሐፍም ስበው ከፊቷ ዘረጉ። «ይህን አይተሽዋል?»

«አላየሁትም።»

«ጥሩ። ግሱን ፈልጊልኝ።»

ጣቷ መስመሩ ላይ ሄደ፣ ተመለሰ፣ አንድ ቦታ ቆመ።

«ይህ ነው። አልከፈተም ይላል።»

«ማን ነው ያልከፈተው?»

«በረኛው።»

«ለማን?»

ረጅም ጊዜ ፈጀባት። መንገዷን ስታ ካባ የሚለውን ቃል ጋሻ ብላ ተረጎመችው፤ ሪጎኒም በረጅሙ ተነፈሱ። እሷ ግን እየዳኸች ቀጠለችና ድንገት ቀና አለች።

«ፕሮፌሰር! በረኛው እኮ የገዛ አለቃውን ነው አላስገባም ያለው! ዝናብ ላይ አቆመው!»

«ለምን?»

«ፊቱን አያውቀውማ!»

ሳቀች። ተፈታኝ መሆኗን ለአፍታ ረስታው ነበር። ማራንጎንም ሳቁና መጽሐፉን ዘጉት። «ይበቃል። ሂጂ።»

ከሰዓት በኋላ ውጤት ተለጠፈ። አማቢሌ ሽርጧን እንኳ ሳትፈታ ከፋብሪካ እየሮጠች መጣች።

«የታለ?»

«ያው፣ ስድስት።»

«ስድስት ማለት ጥሩ ነው?»

«ያሳልፋል፣ እማዬ።»

አማቢሌ ደረጃው ላይ ዘፍ ብላ ተቀመጠች። ትስቃለችም፣ ዐይኗንም በሽርጧ ትጠርጋለች። ሰው ሲወጣና ሲወርድ እየዞራቸው ያልፋል። እናትና ልጅ ግን ለመነሳት አልቸኮሉም።

ኦሪየላ ትምህርቷን ጨርሳ ፌልትሬ ፖስታ ቤት ገባች፤ ጡረታ እስክትወጣም እዚያው ሠራች። አንድ ጊዜ የልጅ ልጇ ላቲን ምን ጠቀመሽ ብላ ብትጠይቃት እንዲህ ብላ መለሰችላት፤

«ማኅተም ለመምታት ማን ላቲን ይጠይቃል ልጄ? እኔ የማላውቀው ነገር እንዳለ ከታወቀብኝ ያለቀልኝ ይመስለኝ ነበር። ያን ቀን አላውቀውም አልኩ፣ ጣሪያው ግን አልወደቀብኝም። ሰውየው ‹ጥሩ› ብለው ግሱን ጠየቁኝ። ለእኔ ትልቁ ነገር እሱ ነው። ከዚያ ወዲህ በሰላም ተኝቼ አድራለሁ።»