ወደ መሬት የወረደው ሽቦ

ባለፈው ሳምንት የቤቴን የመብራት መስመር ሊያድስ የመጣው ኤሌክትሪሺያን ሥራውን ጨርሶ ዕቃውን ሲሰበስብ፣ ከማከፋፈያው ሣጥን ሥር አረንጓዴና ቢጫ ሽቦ ተጠቅልሎ፣ ከምንም ሳይገናኝ ተንጠልጥሎ አየሁ። ለምን እንደተወው ጠየቅሁት። «እማማ፣ እሷ ትርፍ ናት፤ ያለ እሷም ይበራል» አለኝ፣ ያለ ክፋት ፈገግ ብሎ። መሰላሉን መልሶ እንዲያቆም አዘዝሁት። ድምፄ ለምን እንዲያ እንደከረረ አልገባውም፤ ቅር ብሎት መሰላሉን ወጣ። ለእሱ ያልነገርሁትን ለአንተ እነግርሃለሁ።

ዘመኑ የደርግ ነበር። ትምህርቴን እንደጨረስሁ ከጅማ ተነሥቶ አጋሮን አልፎ በሚገኝ አንድ ትንሽ የቡና ከተማ ፊዚክስ እንዳስተምር ተመደብሁ። በከተማው ጫፍ የቡና መፈልፈያ ነበረ። የናፍጣ ሞተሩ ሲነሣ የክፍሌ መስኮት ይንቀጠቀጣል፤ ዝናብ የነካው የገለባ ክምር ውስጥ ውስጡን ሲጨስ መራራ ሽታው እስከ ጥቁር ሰሌዳዬ ይደርሳል። ከዚያው ሞተር በባሕር ዛፍ ምሰሶዎች ላይ የተሳበ መስመር ለቀበሌው አዳራሽ መብራት ያደርስ ነበር። በአዳራሹ ጣሪያ ላይ ረዥም የብረት ምሰሶ ቆሞ፣ በጫፉ የድምፅ ማጉያ ጡሩምባ ተሰቅሏል። በዚያ አካባቢ ከእሱ የሚረዝም ነገር አልነበረም።

በዚያ ጡሩምባ የምትናገረው የቀበሌው ለፋፊ ጓደኛዬ ነበረች። የአንድ ሙስሊም ቡና ነጋዴ ልጅ ናት፤ ማስታወቂያውን በአማርኛ አንብባ በኦሮምኛ ትደግመዋለች። ድምፅዋ ወፈር ያለ፣ የማይቸኩል ድምፅ ነበር። የሰልፍ ትእዛዝ እንኳ ከእሷ አፍ ሲወጣ የሠርግ ጥሪ ይመስል ነበር፤ ገበያተኛ ሸክሙን አውርዶ ያዳምጣት ነበር። ሕልሟ ሬዲዮ ነበረ። «ወላሂ ቲቸር፣ አንድ ቀን አባቴ ሱቁ ውስጥ ተቀምጦ በሬዲዮ እኔን ይሰማል። ያን ጊዜ 'ይቺ ልጅ ለፍላፊ ናት' ማለቱን ይተዋል» እያለች ትስቅ ነበር።

የጅማን አገር የሚያውቅ የሚያዝያን ከሰዓት ያውቃል። ፀሐዩ አናት እየበሳ ሳለ ከጫካው በላይ ያለው ሰማይ ይጠቁራል፤ ነፋሱ የእርጥብ አፈር ሽታ ይዞ ይመጣል፤ ከዚያ መብረቅ ነው። ስለዚህ ከመፈልፈያው መካኒክ ጋር ሆነን ከብረት ምሰሶው ሥር ወፍራም የመዳብ ሽቦ አስረን፣ በአዳራሹ ጀርባ ግድግዳ አውርደን፣ እርጥበት ከማይለየው አፈር ውስጥ ከቀበርነው ዘንግ ጋር አገናኘነው። የማጉያ መሣሪያውንም አካል ከዚያው ጋር አሰርነው። መርሑን ሕፃን ይረዳዋል፤ መብረቅ ወደ መሬት መውረዱ አይቀርም፤ መንገድ ከነፈጉት በሰው በኩል ያልፋል።

የላብ አደሮች ቀን ሲቃረብ የቀበሌው ሊቀመንበር ተከታዮቹን አስከትሎ አዳራሹን ሊመረምር መጣ። በጀርባ በኩል ሲዞር ሽቦውን አየና አስጠራኝ።

«ይሄ የት ነው የሚሄደው?»

«ወደ መሬት ነው፣ ጓድ ሊቀመንበር።»

«መሬቱ ውስጥ ምን አለ?»

«ምንም የለም፤ ነገር ግን...»

«ምንም የለም!» ወደ ተከታዮቹ ዞረ። «እኛ ናፍጣ በስንት መከራ እናስመጣለን፣ እሷ መብራቱን አፈር ውስጥ ታፈሰዋለች። እኛ መሬት ላራሹ አልን እንጂ መብራት ለመሬቱ አላልንም!»

ሳቁ። አንዱ፣ «ምናልባት ምስጦቹ መሠረተ ትምህርት እየተማሩበት ይሆናል» አለና ሳቁ ደመቀ።

በደኅና ቀን በዚያ ሽቦ ውስጥ አንዲት ጠብታ ኃይል እንደማያልፍ፣ የተዘጋጀው ለክፉ ቀን እንደሆነ አስረዳሁት። «በደኅና ቀን ሥራ የማይሠራ እኛ ዘንድ ምን ይባላል?» ሲል ጠየቀኝ። መልሱን አልጠበቀም። «አሻጥር ይባላል» አለ። ያን ጊዜ ሳቁ ቆመ። ያቺ ቃል በዚያ ዘመን ምን እንደምታደርግ ሁሉም ያውቅ ነበር።

አለማወቁን አልቆጥርበትም፤ አለማወቅ መድኃኒት አለው፣ እኔም ለዚያ ነበር ደመወዝ የሚከፈለኝ። እስከ ዛሬ ይቅር ያላልሁት፣ የጠየቀው ለማወቅ ሳይሆን ለማሳቅ መሆኑን ነው። በሊቀመንበሩ ትእዛዝ ሽቦውን የቆረጠው ከእኔ ጋር የዘረጋው መካኒክ ነው። ሽቦው ለምን እንደተዘረጋ ያውቃል፤ ምን እንደሚከተልም ያውቃል። «ቲቸር፣ እኔ ልጆች አሉኝ» አለኝ ዓይኑን ከጉጠቱ ሳያነሣ። ለፋፊዋም የሰው ልጅ ነበረች። መዳቡን ለበዓሉ ቀይ ጨርቅ መወጠሪያ አደረጉት።

ሰማዩ ሲያጉረመርም ማይክራፎኑን እንዳትነካ ለመንኋት። «ማሎ ቲቸር» አለችኝ፣ እኛ እባክሽ እንደምንለው፣ «ስብሰባ የሚጠራው ሰማይ ታይቶ ነው እንዴ? እኔን ከምትለምኚ ሊቀመንበሩን ንገሪው።» ሄጄ ነገርሁት። «ጓድ መምህርት፣ አብዮት በዝናብ አይቋረጥም» አለኝ። በቃሉ ተደስቶ በማግሥቱ በስብሰባ ላይ ደገመው።

የበዓሉ ዋዜማ ከሰዓት በኋላ ሰማዩ እንደ ጥላሸት ጠቆረ። እኔ ክፍል ውስጥ ነበርሁ። ከሜዳው ማዶ ድምፅዋ መጣ፤ ነገ ማን የት እንደሚሰለፍ ታነብባለች። አማርኛውን ጨርሳ ወደ ኦሮምኛው ተሻገረች። ከዚያ ክፍሉ ነጭ ሆነ። ጡሩምባው የሰውም የብረትም ያልሆነ ጩኸት ጮኸና ዝም አለ። ተማሪዎቼ ከወንበራቸው ሥር ነበሩ። እኔ ሮጥሁ።

አዳራሹ በተቃጠለ የመሣሪያው ባኬላይት ፕላስቲክና በተቃጠለ ፀጉር ሽታ ተሞልቶ ነበር። ያ ሽታ አሁንም በሆነ ምክንያት ሲያጋጥመኝ ከማዕድ እነሣለሁ። መሣሪያው ተሰንጥቋል። እሷ ወለሉ ላይ፣ ማይክራፎኑ የነበረበት እጇ ጠቁሮ፣ ከሁለቱም ጆሮዎቿ ደም እየወረደ፣ ዓይኖቿን ገልጣ ታየኛለች። «ቲቸር፣ መብራቱ ጠፋ?» አለች። ስመልስላት አልሰማችኝም። ደግማ ጠየቀች።

ጅማ ወስደናት ሆስፒታል ብዙ ጊዜ ተኛች። እጇ ዳነ። ጆሮዋ አልዳነም።

ሊቀመንበሩ በስብሰባ ላይ የተፈጥሮ አደጋ መድረሱን ገልጾ ሐዘኑን አሰማ፤ ብዙም ሳይቆይ ከፍ ወዳለ ሹመት ተዛወረ። ሕዝቡም የፈጣሪ ቁጣ ነው አለ። የመንግሥትና የሃይማኖት ቋንቋ እንዲህ ሲስማሙ አይቼ አላውቅም፤ ሁለቱም ለአንድ ሰው ጥላ ሆኑ። አባቷን ልጠይቅ ሱቁ ስገባ፣ «ቀደር ነው ልጄ፤ አላህ የጻፈው ነው» አሉኝ።

«አባባ፣ እርስዎ ያውቃሉ፤ ፈጣሪ ሽቦ አይቆርጥም» አልኋቸው።

ተነሥተው የሱቁን በር ዘጉ። «ዝግ በይ» አሉኝ በለሆሳስ። «አንድ ልጅ ተጎድታብኛለች። ሁለተኛዋ አንቺ አትሁኚ።» ለእሳቸው ስል ዝም አልሁ። ቁጣው ግን ወደ ውስጥ ገባ እንጂ አልጠፋም።

ክረምቱ ሲወጣ እኔንም ወደ ሌላ ክፍለ ሀገር አዛወሩኝ። ልሰናበታት ስሄድ ጓሮ ተቀምጣ ጀንፈል፣ ያልተፈለፈለ ደረቅ ቡና፣ ታበጥር ነበር። መናገር እየተወች መጥታ ነበር፤ የራሷን ድምፅ ስለማትሰማ ቃሏ አንዴ ይጮኻል አንዴ ይሰምጣል፣ የሰፈር ልጆችም ሊቀልዱባት ጀምረው ነበር። ሰፌዱን አስቀምጣ ፊቴን በሁለት እጇ ያዘች፤ ከንፈር ማንበብ እየተማረች ነበር።

«እውነቱን ንገሪኝ» አለች፣ ጎረቤት እስኪሰማ። «ድምፄ አሁንም ያምራል?»

ሕይወቴን ሙሉ ትክክለኛውን መልስ ብቻ በመስጠት የምታወቅ ሰው ነኝ።

«ያምራል» አልኋት።

«ቀስ ብለሽ በዪው» አለች። «እንዳየው።»

ቀስ ብዬ ደገምሁላት።