የጥሩሸዋ በቅሎና የጎረቤት መድኃኒት

ጥሩሸዋ በበቅሎዋ አፍ ላይ ደም ያየች ዕለት መጀመሪያ ሐሳቧ የሄደው ወደ ጎረቤቷ ወደ ገብረ አማኑኤል ነው። ባሏ ከሞተ ወዲህ ገብሷን ዘመሮ ገበያ የምታደርሰው በዚህች በቅሎ ነበር። ገብረ አማኑኤል ደግሞ በወሰን ክስ ሲያመላልሳት ከርሞ፣ በቅርቡ ወደ ምንጩ የሚወስደውን መንገድ በእሾህ አጥሮባታል። ከዚያ ወዲህ በቅሎዋን ታች ካለው ኩሬ ነው የምታጠጣት።

የእንስሳት ሐኪሙ መሐል ሜዳ ሄዷል ተባለ። በቅሎዋ ገለባ እምቢ ብላ አንገቷን ደፍታ ስትውል፣ ገብረ አማኑኤል ራሱ ጥቁር አረንጓዴ ጭማቂ በጠርሙስ ይዞ ደጇ ቆመ። በቅሎዋን የያዛት አልቅት መሆኑን፣ ጭማቂው በአፍንጫዋ ጠብ ቢደረግላት እንደሚለቃት ነገራት።

«እስቲ ቅመሰው» አለችው።

«የትምባሆ ቅጠልና የእምቧይ ፍሬ ነው፣ እትዬ። ለሰው አይሆንም።»

ይኸው፣ አለች በልቧ። ውኃ የከለከለ ሰው መድኃኒት ይዞ የሚመጣው ምን አስቦ ነው? ያውም ትምባሆ! ጠርሙሱን ግን ተቀበለችውና እሱን ደጅ ትታ የበቅሎዋን መንጋጋ ከፈተች። ከምላሷ ሥር ጥቁር ነገር ተጣብቆ ይላወሳል። በጣቷ ብትይዘው አሟለጫት፤ በጨርቅ ይዛ ስትስበው ወጣ። ደሙ ግን አልቆመም፤ ከውስጥ ሌላም አለ ማለት ነው።

ያወጣችውን አልቅት በጣሳ ውኃ ውስጥ ጣለችው፤ ዋኘ። ከጠርሙሱ ጥቂት ስታንጠባጥብበት ተጠማዘዘ፣ ተኮማተረ፣ ከዚያ መላወሱ ቀረ። አልቅቱን የገደለው በቅሎዋንም እንዳይገድል ፈርታ፣ ጭማቂውን በውኃ በርዛ በአንድ አፍንጫዋ ብቻ ጠብ አደረገችላት። በቅሎዋ ደጋግማ አነጠሰች። ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ደም የጠገበ አልቅት ከአፍንጫዋ ወደቀ።

በማግስቱ በቅሎዋ ስትበላ ገብረ አማኑኤል ሊያይ መጣ። ጥሩሸዋ አላመሰገነችውም።

«ለበቅሎዋ ነው የመጣኸው ወይስ ለወሰኑ?»

መሬት መሬት አየ። ኩሬው አልቅት እንዳለው እያወቀ መንገዱን መዝጋቱ እንቅልፍ እንደነሳው፣ የአገሩ ሽማግሌዎችም ይህን ቢሰሙ እንደሚፈርዱበት ተናገረ። ጸጸት ይሁን ፍርሃት ያመጣው፣ እስከ ዛሬ አልለየላትም።

በዚያው ሰሞን እሾሁን አነሳ። ጥሩሸዋም እምቧዩን የሚለቅምበትን ቦታና አወቃቀጡን እፊቱ ቆማ ተማረች። አሁን መድኃኒቱን የምትቀምመው ራሷ ናት፤ እሱ ያዘጋጀውን ጠርሙስ ዳግመኛ ደጇ አላስገባችም።